ገበያ ሌሊትን እንደ ወረሰ

የገበያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሸቀጡ፣ ስለ ሲራራ ነጋዴውና ስለ መገበያያው ገንዘብ ነው፤ ዳሩ ግን ገበያ የሚፈታበት ሰዓትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ይኸውም የሰው ልጅ ለምኞቱ ያበጀው ወሰን በየዘመኑ እንዴት እየፈረሰ እንደ መጣ የሚያስረዳ በመሆኑ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

ከምርኮ በኋላ የይሁዳ አገረ ገዥ የነበረው ነህምያ፣ የጢሮስ ሰዎች ዓሣና ልዩ ልዩ ሸቀጥ እያመጡ በሰንበት ቀን በኢየሩሳሌም ሲሸጡ ባየ ጊዜ፣ አስቀድሞ የይሁዳን ታላላቆች ገሠጸ፤ ቀጥሎም በሰንበት ዋዜማ ሲመሽ የከተማይቱ በሮች እንዲዘጉ አዘዘ፤ ነጋዴዎቹም አንድ ሁለት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ካደሩ በኋላ ተግሣጹን ሰምተው በሰንበት መምጣታቸውን ተዉ።

በሀገራችንም በ16ኛው መቶ ዓመት የታነጸው የሐረር ጀጎል ግንብ አምስቱ በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ስለ ነበር፣ ዘግይቶ የደረሰ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ከውጭ ያድር ነበር። በሮቹ የተዘጉት ጠላትንና ሌባን በመፍራት ቢሆንም፣ ማንም ያላሰበው ሌላ በረከት ተገኘባቸው፤ በቀን ያማረውን ነገር ያልገዛ ሰው ምኞቱን ይዞ ተኝቶ፣ በማግሥቱ ልቡናው ረግቶ ይነሣ ነበርና።

ጥበብ ግን ጨለማውን ቀስ በቀስ ገፈፈችው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1667 በፓሪስ ጎዳናዎች ፋኖስ ተሰቀለ፤ በ1807 የሎንዶኑ ፖል ሞል ጎዳና በጋዝ መብራት በራ፤ በ1879 ኤዲሰን አምፖሉን ለሕዝብ አሳየ። በ1872 ደግሞ የቺካጎው ነጋዴ ሞንጎመሪ ዋርድ የዕቃውን ዝርዝር ከነዋጋው አሳትሞ ለገበሬዎች በፖስታ መላክ ስለ ጀመረ፣ ገበያው ራሱ ወደ ገዢው ቤት ገባ። ቢሆንም በምሽት ዝርዝሩን እያገላበጠ የተመኘ ገበሬ ትእዛዙን መጻፍ፣ ገንዘቡን መቍጠርና ደብዳቤውን ወደ ፖስታ መስደድ ነበረበትና፣ ኅሊናው ከምኞቱ ጋር የሚሟገትበት ጊዜ አላጣም።

በእንግሊዝ አገር ማይክል አልድሪች በ1979 ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ጋር ካገናኘ በኋላ፣ በ1984 በጌትስሄድ ከተማ ለአረጋውያን በተዘጋጀ አገልግሎት አንዲት የ72 ዓመት እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ እንቍላል፣ ማርጋሪንና ኮርንፍሌክስ አዘዙ። ደካማን ከመንገድ ድካም ያሳረፈ ጥበብ በባሕርዩ ክፉ ነው ሊባል አይቻልም፤ ለሸመታ የሚያስፈልገው ጊዜ ከደቂቃ ወደ ቅጽበት በወረደ ጊዜ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። አማዞን የተባለው ኩባንያ የገዢው አድራሻና የባንክ ካርድ አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ አንድ ጊዜ በመጫን ብቻ ግዢው እንዲፈጸም ላደረገው ስልት በ1999 የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ በመመኘትና በመክፈል መካከል የነበረው የማሰቢያ ፋታ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በቻይናም አሊባባ የተባለው ኩባንያ በ2009 የጀመረው የኖቬምበር 11 ታላቅ ሽያጭ በእኩለ ሌሊት ይከፈት ጀመር። በሀገራችን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በተባለው የስልክ ክፍያ በየትኛውም ሰዓት መክፈል ተችሏል።

እንዲህ ያለው የሌሊት ሸመታ የሚፈጸመው ሰው እጅግ በሚደክምበት ሰዓት ነው። እንቅልፍ ባጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ያልተኛ አእምሮ ወደ ትርፍ ተስፋ ያደላል፤ ለኪሳራ የሚሰጠው ጥንቃቄም ይላላል። የስልኩ ብርሃንም በበኩሉ እንቅልፍን ስለሚያዘገይ፣ ድካም ግዢን፣ ግዢም ድካምን እየወለደ ይሄዳል፤ የታዘዘውን ዕቃ ብቻ አይቶ ገዢውን ሰነፍ ብሎ መፍረድ፣ ለብዙ ዘመን ከውጭ ይጠብቀው የነበረው ሥርዓት እንደ ተነሣበት መዘንጋት ነው።

ሽማግሌዎቻችን ከባድ ጉዳይ ሲቀርብላቸው «ይደር» ብለው ለማግሥቱ የሚያቆዩበት ልማድ ለሸመታም ይበጃል። በሌሊት የተመኘነውን ዕቃ በወረቀት ጽፈን፣ የካርዳችንን ቍጥር ከስልኩ አጥፍተን፣ ስልኩንም ከመኝታ ቤት ውጭ አኑረን ብንተኛ፣ ጧት በጠራ ልቡና መመዘን እንችላለን፤ ልጆቻችንንም ገንዘብ መያዝ በምናስተምርበት ዕድሜ ይህን ሥርዓት አብረን ልናስተምራቸው ይገባናል።