በዐረብ ፊደል የተጻፈው አማርኛ
የወሎ ሸሆች ሕይወትና መንዙማቸው

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲተረክ መንገዱ የታወቀ ነው። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የንጉሥ ግጥሞች ይነሣል፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ጸሐፊ በደብተራ ዘነብ በኩል ያልፋል፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ሳይሳለም አይሄድም፤ ከዚያ ኅሩይ፣ ከዚያ ሐዲስ፣ ከዚያ ጸጋዬ። ደሴ ላይ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ የምወደውም ነው። ነገር ግን እኔ በተወለድኩበት አገር ይህ መንገድ የማይነካው ሌላ አማርኛ አለ። የተጻፈው በዐረብ ፊደል ነው። የገጠሙት ሸሆች ናቸው፤ የሚያዜሙት ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ባልቴቶች ናቸው። እኛ ጽሕፈቱን አጀም፣ ግጥሙን መንዙማ እንለዋለን።

አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። መንዙማ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳይደግሙ ማውረድ ይችሉ ነበር። ከእሳቸው አፍ የሰማሁትን ግጥም ኋላ በባላቸው ደብተር ላይ አገኘሁት፤ ስለ ወሎ እስልምና ታሪክ የማስበው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ደብተር ነው።

ደብተሩ ቀላል ነው። በቆዳ የተለበጠ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የነቢዩ ስም በመጣ ቁጥር ግን ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። ዐረብኛ የአናባቢ ምልክቱ ሦስት ነው፣ አማርኛ ሰባት ይፈልጋል። «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ኘ» ደግሞ በዐረብኛ ቤት የላቸውም። ስለዚህ ጸሐፊው ያብቃቃል፤ አንድ ቦታ ነጥብ ይጨምራል፣ ሌላ ቦታ በቅርብ ድምፅ ይተካል፣ የቀረውን ለአንባቢው ይተወዋል። አንባቢው ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው ካላወቀው ቃሉ አይፈታለትም። እኔም ብዙውን መስመር ያነበብኩት የአያቴን ዜማ በልቤ እያወጣሁ ነው። ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ቅርስ ከሌሎቹ የብራና ቅርሶቻችን የሚለየውም፣ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መንዙማ ሥርዓት አለው። በቢስሚላህና በአላህ ምስጋና ይከፈታል፤ በነቢዩ ላይ ሰለዋት (የሰላምታ ጸሎት) ይወርዳል፤ ከዚያ ወልዮቹ (ቅዱሳን ሸሆቹ) በየስማቸው ይጠራሉ፤ መዝጊያው ዱዓ ነው። አውጪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ቤት አመታቱ የአማርኛ ግጥም ነው፤ እስትንፋሱ ግን ረጅም ነው፣ ድቤውና ጭብጨባው ይሸከሙታልና። ዐረብኛው በአማርኛው መካከል ሲገባ እንግዳ አይመስልም። የወሎ ገበሬ «ረሱለላህ» ሲል የራሱን ቋንቋ እየተናገረ ነው።

ወልዮቹ ከሚጠሩበት ክፍል ላይ ልቆይ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። አያቴ ሐሙስ ማታ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ) ሲያስቀምጡ አስቀድሞ ድቤው እሳት ዳር ይቆማል፣ ቆዳው እንዲወጠር። እጣኑ ይጨሳል፤ ጫቱ ይታደላል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይዞራል። ዱዓው ሲጀመር ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። ታዲያ አያቴ የጀማ ንጉሡን፣ የዳናውን፣ የሾንኬውን እያሉ በተራ ሲጠሩ እኔ ልጅቷ የሰማሁት የቅዱሳን ዝርዝር ነበር። ዛሬ ሳየው የአገር ካርታ ነው፤ የትኛው ተራራ ላይ ማን እንዳስተማረ፣ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ስንቁን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ከማን እንደተማረ። መጽሐፍ ያልነበረው ሕዝብ የሊቃውንቱን የሕይወት ታሪክ በዚህ ግጥም ነው የያዘው።

ከሁሉም ቀድመው የሚጠሩት የጀማ ንጉሡ ሸህ መሐመድ ሻፊ ናቸው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግድም ተወልደው በ19ኛው መባቻ ያረፉ ሊቅ ናቸው፤ የቃዲሪያ ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) በወሎ የተስፋፋው በእሳቸው ነው፤ መውሊድን በሕዝብ ጉባኤ የማክበሩን ልማድም የወሎ ሰው ለእሳቸው ይሰጣል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የንጉሥ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረም፤ በወሎ የየአውራጃው ባላባትና ኢማም እርስ በርሱ ይዋጋል። መቀመጫቸው ጀማ ንጉሥ በዚያ መካከል የትምህርት ቦታ ሆነ። ደረሳው ፊቅሁንና ነህውን (ሕጉንና ሰዋስውን) በዐረብኛ ይማራል፤ ለመውሊድ ከየቀበሌው የሚጎርፈው ሰው ግን ዐረብኛ አያውቅም። ያ ሰው ሃይማኖቱን የሰማው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በዜማ ነው። መንዙማ ለወሎ መድረሳም መጽሐፍም ሆኖ ያገለገለው በዚህ የተነሣ ነው።

አያቴ ከሚጠሯቸው ከሌሎቹ ቦታዎች ዳና በየጁ ነው። ሾንኬ ደግሞ ከከሚሴ አካባቢ በአምባ ላይ የተቀመጠ፣ በድንጋይ ቤቶቹ የታወቀ የአርጎባ መንደር ነው። የሾንኬው ሸህ ጀውሃር ሐይደር እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያርፉ ዕድሜያቸው መቶ ግድም እንደነበር ይነገራል። ሲወለዱ ዘመነ መሳፍንት አላበቃም፤ ሲሞቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቷል። በአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ ነጋሢና አንድ ወራሪ አለፈ፤ ከሾንኬ ተምረው የወጡት ሊቃውንትም እውቀቱን ወደየአገራቸው ይዘው ተበተኑ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። በመጀመሪያ የታየው የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር ነው። ቀጥሎ የወሎ እስላም ጉዳይ መጣ። ሹሞቹ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ለሕዝቡ ደግሞ የሦስት ዓመት ጊዜ እንዲሰጠው ተወሰነ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እሳቸውን ያነሱት ምኒልክ ነበሩ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ የኖረ ብዙ ነበር ይባላል። የተሰደደም፣ የተዋጋም ነበር። ይህን የምጽፈው የማንንም ልጅ ለመክሰስ አይደለም። በወሎ ክርስቲያን ዘመድ የሌለው እስላም፣ እስላም ዘመድ የሌለው ክርስቲያን ማግኘት ይቸግራል፤ እኔም አለኝ። ነገር ግን የአያቶቻችንን ግጥም ለመረዳት ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ግድ ነው።

ከተዋጉት መካከል ስማቸው የገነነው ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። በቦሩ ሜዳ ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ግድም ወጣት ነበሩ። አዋጁን አልቀበልም ብለው ሰው አስተባበሩ፣ በመሣሪያም ተቋቋሙ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ የአዋጁ ጫና ላላ፤ ዘመንም ተለዋወጠ። የተጠመቁት የኢማም መሐመድ አሊ ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ፣ አልጋውን ያዘ፤ አባቱ ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። በዚያ አጭር ዘመን ሸህ ጦልሃ የሚሰሙ ሰው ሆኑ። ከዚያም መስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ፤ በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። ሸህ ጦልሃ ይህን ሁሉ አይተው እ.ኤ.አ. በ1936 አረፉ። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ የእኚህን ሰው ሕይወት በጥናት ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የ19ኛው ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና መጽሐፋቸውም ለዚህ ነገር ዋና በር ነው። ሁሴን በ2001 ዓ.ም. ግድም በሞት ባይለዩን ስንት ሌላ ሕይወት ይጽፉልን ነበር!

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጦርነቱ አይደለም። ሸህ ጦልሃ በአማርኛ ገጥመዋል፤ የገጠሙትም ማስተማሪያ ግጥም ነው። የአላህን አንድነት፣ የሃይማኖቱን መሠረት፣ ሰው ማወቅ የሚገባውን ግዴታ በሚያዝ ዜማ አድርገው ሰጡ። አስቡት፤ ጥምቀት በታወጀበት፣ መስጊድና መምህር በተበተነበት አገር ላለ ገበሬ ኪታብ ቢሰጡት አያነብም፣ ቢያነብም ይያዝበታል። በልቡ የያዘውን ግጥም ግን ማን ይወስድበታል? ሰይፉ አላሸነፈም። ግጥሙ ግን ልጆቹን እስላም አድርጎ አቆየ። እኔ የሸህ ጦልሃን የሕይወት ታሪክ የምጀምረው ከሰይፋቸው ሳይሆን ከዚያ ግጥም ነው።

ቋንቋው አማርኛ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ነበር፤ አዋጁም የተነገረው በእሱ ነው። ሸሆቹ ቋንቋውን አልተቀየሙም፤ የቤታቸው ነውና ጸለዩበት፣ አስተማሩበት፣ አለቀሱበት። ያም ሆኖ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ድረስ በይፋ የምንጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባልን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ እስላሙና እስላሙን የወደደ ክርስቲያን ተሰልፎ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» መባል ነው። የዚያን ጊዜ ሰልፈኛ ከየትም ማስረጃ ማምጣት አያስፈልገውም ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በአማርኛ የጸለየ ሰው ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም. በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ ተርጓሚዎቹ ለሃይማኖቱ የሚሆን አማርኛ ከባዶ መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ መንዙማው ቃሉን አዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ተመራማሪዎች ቀድመውናል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ እስላሞችን የአማርኛ መዝሙሮች እ.ኤ.አ. በ1926 አሳትሟል። አሉላ ፓንክረስት በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የወሎን አጀም አንሥተዋል። እኔ ያስተማርኩባቸው የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ግን መንዙማን አላስገቡም።

በራሳችን በእስላሞቹ መካከልም ክርክር አለ። ወልይን በስም ጠርቶ መማጠን ተገቢ አይደለም የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ድቤውንም፣ ጫቱንም፣ ወዳጃውንም ይነቅፋሉ። የሃይማኖት ሙግቱን ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። እኔ የምለው ስለ ግጥሙ ነው። በወልዮቹ መማጠንን የማይቀበል ሰው እንኳ ያ ክፍል ከወጣ አብሮ የሚወጣው የሊቃውንቱ ስም፣ የትምህርቱ ሰንሰለት፣ የቦሩ ሜዳ ዘመን ትዝታ መሆኑን ይወቅ። በካሴት፣ አሁን ደግሞ በዩቱብ የሚወጡት መንዙማዎች እያጠሩ መጥተዋል፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረውም ይኸው የስሞቹ ክፍል ነው።

ስለዚህ አጀም ደብተር ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እለምናለሁ። ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ ዜማውን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ፈልጎ ከፊቱ ተቀምጦ ገጽ በገጽ እያዜመ እንዲቀዳ ያድርግ። ማን እንደገለበጠው፣ ከማን እጅ እንደመጣ፣ በየትኛው መውሊድ ይባል እንደነበር በፊደላችን ይጻፍበት። የአያቴን ደብተር እኔ እንዲህ ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን የጎደለኝ የወረ ባቦን ዜማ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁለት ገጾች ላይ ያለውን ግጥም እስካሁን በጆሮዬ አልሰማሁትምና አላነበብኩትም።