አሻንጉሊቷ እጇን አትሰበስብም

ሚዛን አማን ላይ ዝናብ አስገድዶኝ አንዲት ቡና ቤት ተጠልያለሁ። አጠገቤ የነርሲንግ ተማሪዎች ክርክር ይዘዋል። አንዷ መርፌ የለመድኩት በአሻንጉሊት ነው፣ ብሳሳት የሚያመው ሰው የለም ትላለች። ጓደኛዋ ደግሞ አሻንጉሊት መቼስ እጇን አትሰበስብም፣ ዋርድ ስትገቢ ታይዋለሽ ባይ ነው።

አሻንጉሊቷ እንዲህ የዋዛ ታሪክ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ የልጆች አሻንጉሊት ትሠራ ለነበረችው ማርታ ቼዝ የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት አዘዘ። «ወይዘሮ ቼዝ» ተባለች። ተማሪዎች አገላበጧት፣ አጠቧት፤ ቆይቶም ክንዷ ላይ መርፌ መውጊያ ተበጀላት። እ.ኤ.አ. በ1960 ትንፋሽ መስጠት የሚለመድባትን «አን»ን ያወጣው ኖርዌያዊው ላርዳልም መጫወቻ ሠሪ ነበር። ይገርማል!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሳሉ ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ! አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 ተከፈተ፤ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ቀጠለ። እጅ የሚፈታው ግን በአብዛኛው በሰው ገላ ነበር። የማን ገላ? ከፍሎ ሌላ ቦታ መሄድ በማይችለው ሰው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ስሙን ልተወውና፣ አንድ ሆስፒታል ተኝቼ ተማሪው ሦስት ጊዜ ወግቶ ደም ሥሬን አጣው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ አንሶላዬ ላይ ይንጠባጠባል። ይቅርታ ሲለኝ ከእኔ ይልቅ እሱ አሳዘነኝ። ያ ልጅ ቀድሞ አሻንጉሊት ላይ መቶ ጊዜ ቢወጋ ኖሮ ምን ነበረበት? ስለዚህ ከልጅቱ ጋር ነኝ።

ልጁም ግን እውነቱን ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወጣቱ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር እየመጣ እዚህ ይማራል። ዋርድ ውስጥ የምትጠብቀው እናት ግን የሸኮ፣ የቤንች ወይም የሜኢኒት ሴት ናት፤ ሕመሟን በአማርኛ መናገር ላይሆንላት ይችላል። የትኛዋ አሻንጉሊት ናት በሸኮ ቋንቋ «አመመኝ» የምትል? ለዚህም መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሮውስ የተባለ ሐኪም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ እንደ በሽተኛ እንዲተውን አድርጓል። አንዲት የሸኮ እናት ስኪል ላብ ገብታ በቋንቋዋ ብታማርር፣ ተማሪውም ግራ ቢጋባ፣ ወጪው ከአንድ አሻንጉሊት ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ዝናቡ አባራ። ልጆቹ ጋዋናቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተነሡ። ልጅቱ ግን ቡና ወደምታፈላው የሸኮ ሴት ዞር ብላ፣ «እናቴ፣ ‹የቱ ጋ ነው የሚያምሽ› በእናንተ ምን ይባላል?» አለቻት። ሴትየዋ ሁለቴ ደገመችላት። ልጅቱ መዳፏ ላይ ጻፈችው።