ቤተሰብና የሴቶች ቦታ በአማርኛ ልብ ወለድ፦ ከ1900 እስከ 1962 ዓ.ም.

(በጨለለቅቱ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የምናገረው ስለ ልብ ወለድ ቢሆንም ጥያቄዬ የታሪክ ጥያቄ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከተወለደበት ከ1900 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሉት ስድሳ ዓመታት የቤተሰብ ሕይወትና የሴቶች ቦታ እንዴት እንደ ተለወጠ ከእነዚህ መጻሕፍት ምን ልንማር እንችላለን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ደራሲዎቻችን የሴት ልጅን ፈቃድ ከሕግ አውጪው ቀድመው የጠየቁ ናቸው። የሴትን ድካም ግን ደራሲውም ሕግ አውጪውም በቅጡ አላዩትም። በጌዴኦ ምድር ለምንኖር የታሪክ ተማሪዎች ይህ ጉድለት የቤት ሥራችን ነው።

ስለ ቤተሰብና ስለ ልብ ወለድ ሲነሣ ዘወትር ለማነጻጸሪያ የሚቀርበው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ልብ ወለድ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የጋራ ሕግ መሠረት ያገባች ሴት ሕጋዊ ሰውነቷ በባሏ ሥር ይጠቃለል ነበር። የተለየ ውል ካልተደረገ በቀር ጥሬ ገንዘቧና ደመወዟ የባሏ ነበሩ። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ጄን ኤየር» ባለታሪኳ ከአጎቷ ውርስ አግኝታ ራሷን ከቻለች በኋላ የምትወደውን ሰው ታገባለች። ይሁንና የጊዜው ሕግ ያንን ውርስ በጋብቻው ዕለት ለባሏ የሚያሳልፍ ነበር። በጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» ውስጥ ደግሞ የሞተ ባል በኑዛዜው ሚስቱ አንድን ሰው ካገባች ንብረቱን እንድታጣ ያዝዛል። ያገባች ሴት ደመወዟን የራሷ እንድታደርግ የተፈቀደው በ1870፣ ንብረቷን ሙሉ በሙሉ እንድትይዝ የተፈቀደው በ1882 እ.ኤ.አ. በወጡ ሕጎች ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ትልቁ ጭንቀት ገንዘብ ቢሆን አያስገርምም።

ይህን መለኪያ እንዳለ አምጥተን በአገራችን ልብ ወለድ ላይ ብንጭነው እንስታለን። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በነበረው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ርስት ትወርስ ነበር። በሰማንያ ያገባች ሴት የራሷን ንብረት ይዛ ትገባለች፤ ብትፋታም የራሷንና በጋራ ከተፈራው ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። እርግጥ ነው፣ በወግ የታወቀ መብት ሁሉ በተግባር ይከበራል ማለት አይደለም። ልጃገረዶች ነፍስ ሳያውቁ ይዳሩ ነበር፤ ሹመቱም ዳኝነቱም በወንዶች እጅ ነበር። ቢሆንም ርስት ያላት፣ ስለ ርስቷም ችሎት የምትቆም ወይዘሮ ለአገሩ ሰው እንግዳ አልነበረችም። እንግሊዛዊቷ «ገንዘቤ የማን ነው?» ብላ በምትጨነቅበት ዘመን የእኛዋ ጭንቀት «ለማን ልሰጥ ነው? ማንስ ጠየቀኝ?» የሚል ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተጽፎ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ሲወጣ ለጠቅላላው የድርሰት ዓይነት ስም ሰጠ፤ በኋላም በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ይህን ዝርዝር እንደ ቀላል አንለፈው። ሴት በሴትነቷ መንገድ መውጣት የማይቻላት መሆኑን ደራሲው ሳይሰብክ ነግሮናል። የታሪኩ ፍጻሜ ግን ጦቢያን ወደ ጋብቻ ይመልሳታል፤ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል። በዚህ መጽሐፍ ሴት ልጅ መንግሥት የምታስታርቅ፣ ሰው የምትለውጥ ትልቅ ፍጥረት ናት። ከሠርጉ በኋላ ምን እንደምትሠራ ግን አንባቢ አይነገረውም።

ከሃያ ዓመታት በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጉዳዩን ከተረት ዓለም ወደ ቤት አወረዱት። በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የልጅነት ጋብቻን ነቀፉ። በ1925 ዓ.ም. በወጣው «አዲስ ዓለም» ደግሞ ከፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይሟገታል። ኅሩይ አብዮተኛ አልነበሩም፤ የመንግሥት ባለሥልጣንና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ለውጡንም ያቀረቡት ሃይማኖትን እንደ ማጽናት አድርገው ነው። የጽሑፋቸው ክብደትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ጋብቻ የሁለት ቤተ ዘመድ ስምምነት ብቻ ሳይሆን የሁለት ሰዎች ውሳኔ መሆን አለበት የሚለው አሳብ ከአገሩ ወግ ውስጥ ተነሥቶ፣ በአገሩ ቋንቋ ተሟገተ። በዚያው በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ስም የተሰየመው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፍቷል። መጽሐፉና ትምህርት ቤቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

ከጠላት ወረራ በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ስንዱ ገብሩ ነበሩ። በፋሺስት ዘመን በአዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩት እኒህ ሴት «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ የድርሰት ስብስብ አሳትመዋል፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ስማቸውን የማነሣው ለማስታወስ ያህል ብቻ አይደለም። እስካሁን የጠቀስኋቸውና ወደፊትም የምጠቅሳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በወንዶች የተጻፉ ናቸው። በእንግሊዝ የብሮንቴ እኅቶችና ጆርጅ ኤልየት ስለ ሴት ሲጽፉ ስለ ራሳቸው ወገን እየጻፉ ነበር። ኤልየትም የወንድ የብዕር ስም የተጠቀመች ሴት ናት። በእኛ ዘንድ ስለ ሴት ፈቃድ የተጠየቀው በወንድ ድምፅ ነው። ምንጩን ስንመረምር ይህን መዘንጋት አይገባም።

ጥያቄው ከሁሉ በላይ ገዝፎ የተገለጠው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ። ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ዕድሜዋ ያልፋል። ሊያስተምራት የመጣው የድኻ ልጅ በዛብህ ፊደል ብቻ ሳይሆን የራሷን ልብ ማንበብንም አስተማራት ማለት ይቻላል። ሰብለ የአባቷን ቤት ጥላ ትወጣለች። ልብ እንበል፤ ሰብለ የተበደለችው ንብረት ስለሌላት አይደለም። የትውልድ ክብር የተባለው ነገር ሰውነቷን እንደ ቤተሰብ ቅርስ ስለ ቆጠረው ነው። መጨረሻዋም ምንኩስና ሆነ። ደራሲው በአባቷ ሥርዓትና በገዳም መካከል ለአንዲት ሴት የሚሆን ሌላ መኖሪያ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ አላገኘም። ይህ የልብ ወለዱ ድክመት አይመስለኝም፤ ስለ ዘመኑ የተሰጠ የምስክርነት ቃል ነው።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ሌላ ዓይነት ሴት አቆመልን። ወይዘሮ አሰጋሽ ባለርስት ናቸው፤ ያዝዛሉ፣ ይሟገታሉ፣ ቤት ያስተዳድራሉ። ቀደም ሲል ያልኋት ርስት ያላት ወይዘሮ በልብ ወለድ ገጽ በሙሉ ቁመናዋ ታየች። ነገር ግን አስተውሉ፤ ሴት ባለንብረት መሆኗ በራሱ ሥርዓቱን አልለወጠውም። ባለርስቷ ወይዘሮ የሥርዓቱ ጠባቂ ልትሆን ትችላለች። በእርሷ መሬት ላይ ደግሞ ሌሎች ሴቶች ይሠራሉ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። ተጋቢዎች ራሳቸው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ አዘዘ፤ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ ደነገገ። ኅሩይ ከሞገቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው። ይኸው ሕግ ግን ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አለ። ይህ አሳብ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የነበረ ቢሆንም፣ በዘመናዊ ሕግ አንቀጽ ሆኖ ሲጻፍ የሰማንያ ውል ለሴቲቱ ሰጥቷት ከነበረው ክብደት ሊቀንስ የሚችል ነበር። ዘመናዊነት ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። በዚያው ሕግ አንድ አነስተኛ አንቀጽ አለች፤ ባል ለሚስቱ ሠራተኛ ሊያቆምላት አቅም ከሌለው ሚስቲቱ የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ አለባት ትላለች። የሕጉ ዓይን የቤት ውስጥ ሥራን ያየው በዚህች ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ያየውም እንደ ግዴታ እንጂ ለቤተሰቡ ሀብት እንደሚጨመር ድርሻ አይደለም። ባል የቤተሰብ ራስ ነው የሚለው ድንጋጌ ከፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የታወጀበት 1952 ዓ.ም. ለጌዴኦ ሌላ ትርጉም አለው፤ ገበሬው በባላባቶች ላይ ተነሥቶ በሚጪሌ ደሙ የፈሰሰበት ዓመት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቡና ድርሻና ስለ ግብር ጽፈዋል፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን የገባሩ ቤተሰብ ሸክም የወንዱ ብቻ አልነበረም። በደቡብ በተዘረጋው የገባር ሥርዓት የገባሩ ሚስትና ልጅ ለጌታው ቤት እህል ይፈጩ፣ እንጨት ይለቅሙ፣ ውኃ ይቀዱ ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት እንሰት ነው። እንሰት መፋቅ፣ መጭመቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላት፣ ቆጮና ቡላውን ለማዕድ ማድረስ የሴት ሥራ ነው። ቡናው ለገበያና ለግብር ሲሄድ ቤተሰቡን ከረኃብ ያቆየው የእርሷ እጅ ነው።

ይህች ሴት በ«ጦቢያ» የለችም፤ በ«አዲስ ዓለም»ም የለችም። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃምን ገበሬ በባላባቱ ላይ ሲነሣ በድንቅ ሁኔታ ሥለውታል፤ በዚያ ወቅት በገበሬው ጓዳ ውስጥ ያለችውን ሴት ግን በሰብለ መጠን አናውቃትም። ፈቃድን የሚጠይቅ ልብ ወለድ የሚጠይቀው ለወይዘሪቷ ነው። እህል የምትፈጨዋ ፈቃዷ ስለ ጋብቻ ብቻ ሳይሆን ስለ ቀኗ ውሎም አልተጠየቀም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ስለ ምንጭ ነው። ልብ ወለድ ለታሪክ ጥሩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን የቆመበትን ስፍራ መርምረን መስማት አለብን። «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ባላባት ቤት የሚነግረንን ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ሁሉ እንደ ተነገረ አድርጎ መጥቀስ በመመረቂያ ጽሑፎች ዘወትር የሚታይ ልማድ ነው፤ ሊታረም ይገባዋል። ሁለተኛው ስለ ሥራችን ነው። በ1952 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት የሞላት የቆቸሬ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለች ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗታል። እናቷ ለማን እንደ ፈጨች፣ ስትዳር ማን እንደ ጠየቃት፣ የእንሰቱ ማሳ በማን ስም እንደ ተጠራ የምታውቀው እርሷ ናት። ያንን የሚተካ ልብ ወለድ አልተጻፈም፤ መዝገብ ቤትም የለውም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት አንዲት አረጋዊት ሴት በቋንቋዋ፣ በጌዴኡፋ፣ ጠይቀው ቃሏን እንዲመዘግቡ አደራ እላለሁ። ጊዜው አጭር ነው።