«ማታ ምን አለች?»

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛልና ጋሼ ብቻ እያልኩ ልቀጥል። ጋሼ እንደሚሉት በዚያ ዘመን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ከ«እንደምን አደርክ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሥራ ጥያቄ አልነበረም። «ማታ ምን አለች?» ነበር።

«ማን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አስናቀች ወርቁ ናት።

ስለ አስናቀች ሕይወት ብዙ ተብሏል፤ ያንን ልደግመው አልተነሣሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነውና እኔን የሚስበኝ ወሬው የሄደበት መንገድ ነው። አንዲት ሴት ምሽት ላይ ክራሯን ታቅፋ ያለችው ቃል እንዴት አድሮ ጠዋት ከተማ ውስጥ ይገኛል? ማን ተሸክሞት ይሄዳል? መንገድ ላይስ ምን ይወድቃል?

ለወጣት አንባብያን ባጭሩ ላስታውስ። አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ተወለደች። በቴአትር መድረክ ላይ የሴቷን ቦታ ወንድ ሻሽ አስሮ ይጫወት በነበረበት ጊዜ ደፍረው ከወጡት ሴቶች የመጀመሪያዋ እየተባለች ትጠራለች። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው፣ ለብዙ ዓመታት ተውናለች። ይሁንና ጋሼና ባልደረቦቻቸው ጠዋት ጠዋት የሚያነሡት ተዋናይቱን ሳይሆን ባለ ክራሯን ነው። ክራሩን ራሷ ትቃኛለች፣ ራሷ ትመታለች፣ ግጥሙንም ራሷ ትገጥማለች፤ ብዙ ጊዜም እዚያው በተቀመጠችበት። በኋላ ዘመን በባንድ የዘፈኑትን እኅቶቿን ብንመለከት ግጥሙ ካንዱ፣ ዜማው ከሌላው፣ ቅንብሩ ከሦስተኛው ይመጣና ለዘፋኟ ድምፅዋ ብቻ ይቀርላታል። በአስናቀች ምሽት ግን መካከለኛ የለም። የምትለው የራሷ ነው። ስለዚህም ነው «ምን ዘፈነች?» ሳይሆን «ምን አለች?» ተብሎ የሚጠየቀው።

ጥያቄው ደግሞ በየትም ቦታ አይጠየቅም። በእኛ አገር በገና የዳዊት ነው፤ ለምስጋና ነው። ክራር ግን የዓለም ዘፈን ነው፣ እንዲያውም የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚል የቆየ አፈ ታሪክ አለ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ የኖረ ነው፤ አዝማሪዋ ሴት ስትሆን ስድቡ እጥፍ ይሆናል። ይህ የዘፋኟ ዕዳ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ለካ አድማጩም ድርሻ ነበረው። ጋሼ የሄዱበትን ለእናታቸው ተናግረው አያውቁም። ወሬው የሚዞረው ቢሮ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ፣ ጠጅ ቤት፣ ቡና እየጠጡ ነው። እራት ገበታ ላይ አይደርስም። ይህ ነገር ቀላል አይደለም፤ የምሽቱ ታሪክ በወንዶች አፍ ብቻ ተላልፎ ደረሰን ማለት ነውና።

ሌላ መንገድስ አልነበረውም? ሸክላ የማስገባትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠበት ዘመን ነበር። ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ ያንን ተጋፍቶ የግል ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1961 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሬዲዮው የሚያሰማው መርጦ ነው። እኔ ያገላበጥኳቸው የዘመኑ ጋዜጦች ቴአትር መታየቱን፣ ቀኑንና ቦታውን ይነግራሉ፤ ከመድረኩ ማን ምን እንዳለ፣ አዳራሹ የት ላይ እንደሳቀ አይጽፉም። ጋዜጣው ያልጻፈውን የጻፈው እንግዲህ አድናቂው ነው፤ ያውም በአፉ።

የዚህን አፍ ጉልበት ባለሥልጣን ያውቀዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና በየመንደሩ እየዞሩ የሚተርኩ፣ የሚዘፍኑ ነበሩበት። የጣሊያን አገዛዝ ሊያከትም ነው እያሉ ወሬ ይነዛሉ ተብሎ ነው።

ወደ ጋሼ ቢሮ ልመለስ። ምሽቱን ታድሞ የመጣው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ግጥሙን ሳያዛባ ማለት ነው። ሁለተኛው መፍታት ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለት ይወዳል። ለምሳሌ ያህል ከራሴ ላምጣ፤ የእሷ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አንዲት ዘፋኝ ስለ አንድ ሰው «ሳይገባው ሄደ» ብትል፣ ነገሩ ሳይገባው ነው የሄደው ወይስ የማይገባው ሰው ነበር? አዳራሹ ውስጥ ግማሹ በአንደኛው ይስቃል፣ ሌላው ዘግይቶ በሁለተኛው ይስቃል። የቀረው ጠዋት ቢሮ ሲገባ ነው የሚገለጥለት። «ወርቁን ያገኘሁት ፋይል ስፈልግ ነው» ይላሉ ጋሼ፤ መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ብቻቸውን ስቀው አለቃቸው እንደተቆጧቸው ያስታውሳሉ። ምሽቱ አዳራሽ ውስጥ አያልቅም ነበር ማለት ነው። ያልሄደው ሰውም ከተካፋዮቹ አንዱ ነው፤ አንዳንዴ ከሄደው ቀድሞ የሚፈታው እሱ ነበር።

ግን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚባለውም እውነት ነው። ከማክሰኞ በኋላ ግጥሙ አንድ ቃል ለውጦ ይገኛል። ዐርብ ላይ የተነገረበት ሰው ሌላ ሆኗል። ጋሼ ይህንን ስለፈሩ ደብተር ያዙ። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ የነበረ፣ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩኝ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለት ሁለት መስመር ሆኖ ገጹን ሞልቶታል።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስም የለም። ቀን የለም። «አለች» ብቻ ነው የሚለው። አንዳንዱ ጋ «አንዲት አለች» ይላል። ጥቂቱ የአስናቀች፣ ጥቂቱ የሜሪ አርምዴ፣ ጥቂቱ ዛሬ ማንም የማያስታውሳት የአንዲት ጠጅ ቤት ዘፋኝ ነው፤ ጋሼ ራሳቸው መለየት ያቃታቸው አለ። ከደብተሩ ውስጥ ሁለቱን አያቴ «የአገር ሰው እንዳለው» እያለች ስትናገር ሰምቼ አድጌያለሁ። ወንድ አለቃ የተቀኘው ቅኔ ከነስሙ፣ ከነደብሩ ይወርሳል፤ ሴቲቱ በክራር ያለችው ግን «የአገር ሰው» ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህን ስናገር ጋሼ ተቆጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁሉን የሷ አታድርጊው! አዝማሪ ቤት ሄደሽ አታውቂም? አድማጩ ‘ተቀበል’ ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ከሰጠናቸውም አለበት።»

አልተሳሳቱም። በአዝማሪ ቤት ወግ አድማጭ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል፤ ሽልማቱም ግንባር ላይ ይለጠፋል። ማን ገጠመው ብሎ መዳኘት ያስቸግራል። ይሁንና ጋሼን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፦ «እርስዎ ያቀበሉትን ደብተሩ ላይ እንዴት ጻፉት?» ገለጡልኝ። ከጎኑ ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያው ቀን ሌላ ጥያቄ ሰነዘርኩ። «ክራሩን እንዴት ነበር የምትመታው?» አልኳቸው። ለማን እንደዘፈነች፣ ማንን እንደነካች፣ ማን ቀንቶ ማን ወጥቶ እንደሄደ ሰዓት ሙሉ ሊነግሩኝ የሚችሉ ሰው ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ የቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው በጣቶቻቸው መታ መታ አደረጉ፣ የግራ ጣቶቻቸውን ደግሞ አየር ላይ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ። ምንም አላሉም። ከደብተሩ ሁሉ ያ እንቅስቃሴ ይበልጥብኛል። የከተማው ወሬ ሐሜቱን በጥንቃቄ አቆይቶ እጇን ጥሎታል።

በ1967 ዓ.ም. ዋዜማ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ጠጅ ቤቱ በጊዜ ተዘጋ። የውቤ በረሃ ሌሊት አከተመ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ዘዴ ነበራቸው፤ ከእላፊው በፊት የገባው እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም ሲጫወት ያድራል። ካሴት የተስፋፋውም በዚያው ዘመን ነው። አሁን ግጥሙን ለማስታወስ መዝገብ ቤት ጸሐፊ አያስፈልግም፤ ካሴት ሻጩ ይበቃል። ታዲያ ወሬው ቆመ? አልቆመም፣ ጥያቄውን ለወጠ።

ይህን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር አወቀ በሆቴል ባንዶች ስትዘፍን ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደች፤ ኋላም ዋሽንግተን ተቀመጠች። እዚያ በሐበሻ ምግብ ቤቶችና ክበቦች ትዘፍን ነበር። ከዘፈኖቿም ብዙዎቹን የደረሰችው ራሷ ናት። እናቴ ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረቻት፤ አስቴርን አይታ በመጣች ማግስት ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው ሲደርስ አንድ ቤት አራት አምስት ሴቶች ይሰበሰባሉ። አንዷ ታነባለች። ምን ለብሳ ነበር? ፀጉሯንስ? አለቀሰች ወይ? የትኛውን ደገመችው? ስለ አገር ስትዘፍን ሰው ምን ሆነ?

ልብ በሉ፣ «ምን አለች?» የሚል የለም። ግጥሙ በካሴት እጃቸው ገብቷል፤ ከነትንፋሹ በቃላቸው ይዘውታል። አሁን የራባቸው «እንዴት ነበረች?» የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ካሴቱ አይመልስም። ጠያቂዎቹም ሴቶች ሆነዋል። ለአስናቀች ምሽት በር ላይ የቀሩት እናቶች ልጆች፣ ባሕር ማዶ ያለውን ምሽት በደብዳቤ ታደሙ። እናቴ አስቴርን በዓይኗ ያየቻት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ የምትተርክልኝ ያላየችውን፣ የዋሽንግተኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ የተሠራው «አስቴር» የተሰኘው አልበም፣ በ1991 ደግሞ «ካቡ» ሲወጡ አማርኛ የማይሰማ አድማጭ መጣ። ለንደን ላይ በሮኒ ስኮትስ የጃዝ ክበብ ዘፈነች። ያ አድማጭ ለጓደኛው የሚያወራው የግድ ስለ ድምፅዋና ስለ አኳኋኗ ብቻ ነው። «ምን አለች?» ብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። እንዲህ አድርጎ መስማት ትንሽ ይመስለኝ ነበር። የጋሼን ጣቶች ካየሁ በኋላ ግን ያን ያህል አልንቀውም። እሱ ቢሆን ኖሮ የክራሩን አመታት ይነግረኝ ነበር።

አስናቀችም በተራዋ ባሕር ማዶ ደርሳለች። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዐሥራ ስድስተኛውን ሲዲ ለእሷ አደረገው። እሷ መስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። በራሔል ሳሙኤል የተሠራው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ሲዲውን ለጋሼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መሀል ላይ «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ደብተራቸውን አወጡና በእርሳስ አንድ ቃል አረሙ። የሲዲውን ሰምተው ደብተራቸውን ያረሙ መስሎኝ ነበር። ለካ በደብተሩ ያለውን ትተው በኅዳጉ ላይ «በሸክላ እንዲህ ብላለች፤ ማታ ግን እንዲያ አላለችም» ብለው ነው የጻፉት። ልከራከራቸው አልደፈርኩም። ደብተሩን ፎቶ ላንሣው ብዬ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። ከግጥሞቹ አንዱ የልጅ ልጆቹ ሰፈራችን የሚኖሩ ሰው ላይ የተባለ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማታ ካዛንቺስ፣ አንድ አዝማሪ ቤት ወሰድኳቸው። ሠፈሩ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሷል፤ ያን ጊዜ ገና ቆሞ ነበር። ማሲንቆ የያዘ ወጣትና አንዲት ሴት አዝማሪ ነበሩ። ልጅቱ ሽማግሌ መግባታቸውን አይታ ወደ እኛ ዞረችና ሦስት ግጥም ደረደረችላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ። ጋሼ ብር ሸለሟት፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። «ሦስተኛውን ምን ነበር ያለችው? ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ጠፍቶኛል» አሉ። ስልኬን ከፈትኩ። ጭብጨባውና ድምፅ ማጉያው ተደባልቆ ቃሉ አይለይም። አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። መልሼ ስደውልላቸው ግን አልጠበቁኝም፤ ቃሉን አግኝተውት፣ ከልጅቱ ስም ጋር ጽፈውታል። ስሟን መቼ እንደጠየቋት አላየሁም።