ከኦቾሎ ዐለት እስከ ሰሜን ባሕር

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ከአባያ ሐይቅ በላይ አሻቅቦ ቢመለከት፥ በዐለት ጫፍ ላይ የተቀመጠውን የኦቾሎን መንደር ያያል። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ ስፍራ መጥቶ፥ የአገሩ ሰው የጋራ ጉዳዩን በአደባባይ ሸንጎ እንዴት እንደሚመክርበት ከመረመረ በኋላ፥ ጥናቱን በ1983 በመጽሐፍ አሳትሟል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኦቾሎ የተቀመጠበት ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። በዚሁ ሸለቆ፥ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ካለው ከአሉቶ ተራራ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በመሬቱ ስንጥቅ እየሾለከ ይወጣል፤ በ2015 የታተመ ጥናት መጠኑን በቀን ከ250 እስከ 500 ቶን ገምቶታል። እንግዲህ ምድር ጋዝን አፍና መያዟም፥ በስንጥቅ መልቀቋም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኖርዌይ በ1991 በዚህ ጋዝ ላይ ቀረጥ ጣለች። ከ1996 ጀምሮም ስላይፕነር በተባለው የጋዝ ማውጫ፥ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ባለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይቀበር ጀመር። የሚፈሩት ሰዎች የካሜሩኑን የኒዮስ ሐይቅ ይጠቅሳሉ፤ ነሐሴ 1986 ከሐይቁ በድንገት የፈነዳው ጋዝ ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ቆላው ወርዶ 1,700 ያህል ሰዎችን በሌሊት ገድሏል። ሐዘኑ እጅግ መሪር ነው፤ ንጽጽሩ ግን በእኔ አስተያየት አይገጥምም። በኒዮስ ጋዙ የተከማቸው በሐይቁ ውኃ ውስጥ ነበር። በባሕር ሥር ግን በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በሸክላ ድንጋይ ይከደናል፤ ቢያመልጥም ባሕሩ አሟሙቶት ውኃውን ያኮመጥጠዋል። በ2012 በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ 4.2 ቶን በ37 ቀን ሆን ተብሎ ሲለቀቅ፥ የውኃውና የደለሉ ጠባይ ጋዙ ከተዘጋ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። እርግጥ 4.2 ቶን ከሚሊዮን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ይልቅስ ሊፈራ የሚገባው ግፊትና በቸልታ የተደፈነ የቀድሞ ጕድጓድ ነው። በ2008 በተጀመረው በኖርዌይ ስኖቪት ግፊቱ ከታሰበው ፈጥኖ በመጨመሩ፥ በ2011 ሥራው ወደ ሌላ የድንጋይ ንጣፍ ተዛውሯል። በዚያው ዓመት በአልጄሪያ በረሓ በኢን ሳላህ፥ መሬቱ በሚሊሜትር ከፍ ማለቱን ሳተላይት ካሳየ በኋላ፥ መቅበሩ ቆመ።

በሆላንድ ደግሞ የባሬንድሬክት ከተማ ሰዎች ከቤታችን በታች አይቀበርም ብለው ተከራከሩ፤ መንግሥትም በ2010 ሐሳቡን ተወ። ይህ እንደ ኦቾሎ ሸንጎ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሆላንዶች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዞሩ፤ ከሮተርዳም ወደብ ተነሥቶ ጋዝ ወደ ተሟጠጠበት የሰሜን ባሕር ጕድጓድ የሚያደርሰው የፖርቶስ ቧንቧ ግንባታ በ2024 ተጀምሯል።