በስንት ጊዜው ይውጣ? የአንድ መጽሔት ክርክርና ከኋላው ያለው ታሪክ

ባለፈው ሆሳዕና ላይ የተገናኘን የቀድሞ ተማሪዎች ቡና ይዘን ስንጫወት አንድ ሐሳብ ተነሣ። የሐዲያንና የከምባታን ንግድና ምርት ብቻ የሚከታተል የሙያ መጽሔት እናውጣ ተባለ። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ጭቅጭቁ የመጣው «በስንት ጊዜው?» ሲባል ነው። ነጋዴዎቹ «በየወሩ ካልሆነ ምን ይረባል!» አሉ። መምህራኑ ደግሞ «በዓመት ሁለቴም ከበቂ በላይ ነው» አሉ። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ከእኛ በፊት የነበሩት ምን አደረጉ ብዬ ወደ ኋላ ማየት ያዝኩ።

መጀመሪያ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከምረቃ በኋላ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ወርኃዊ የገበያ በራሪ ጀምረን ነበር። የመጀመሪያዋ በቀኗ ወጣች። ሁለተኛዋ ሦስት ሳምንት ዘገየች። ሦስተኛዋን ግን እስከ ዛሬ ያያት የለም። የጨረስነው ወረቀት ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ የምንጽፈው ነገር ነው ያለቀብን። ደንበኝነት የከፈሉን ሱቆች ገንዘባቸውን አልጠየቁንም፤ ዝምታቸው ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በአገራችን ስለ ጉዳዩ ጥሩ አስተማሪ ሆና ያገኘኋት ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ፋሽስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሆና «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመረች። ጋዜጣው ሳምንታዊ ነበር። ጦርነት ነውና የዛሬው ወሬ ለከርሞ አይሆንም። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ከተቀመጠች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»ን አቋቋመች። ይኼኛው ከታሪክና ከኪነ ጥበብ ጋር ኢኮኖሚን የያዘ ወርኃዊ መጽሔት ነበር። አዘጋጇ ያችው ሴት ናት፤ የአንባቢው ፍላጎት ስለተለወጠ ግን ጊዜውም ተለወጠ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ስታርፍ ልጇ ሪቻርድና ባለቤቱ ሪታ መጽሔቱን ተረከቡ። ሁለቱም ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ እሱ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምራል፣ እሷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። በየሦስት ወሩ አደረጉት። ጊዜውን ማራዘማቸው መጽሔቱን አልገደለውም፤ እስከ አብዮቱ ዘመን ዘለቀ። በትርፍ ጊዜያችን መጽሔት እናወጣለን ለምንል ለእኛ ከዚህ የተሻለ ምክር ከየት ይገኛል?

የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የመጡት የንግድ ጋዜጦች ሌላ መንገድ ያዙ። «ካፒታል» በ1991፣ «ፎርቹን» በ1992 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመሩ ሁለቱም ሳምንታዊ ነበሩ። ለምን ቢሉ፣ ጨረታ ቀነ ገደብ አለው፤ ባንክና ኢንሹራንስም ሰኔ 30 ሒሳብ ዘግተው ውጤታቸውን ማሳወቅ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያው ሳምንት ሳይሞላ ካልወጣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሳምንታዊነቱን የሚሸከመው ይኼ ገቢ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ያንኑ «ፎርቹን» የሚል ስም ያለውን መጽሔታቸውን እ.ኤ.አ. በ1930 ወርኃዊ አድርገው ጀምረው፣ በ1978 በየአሥራ አምስት ቀኑ አደረጉት፤ ኋላ ደግሞ ወደ ወርኃዊነቱ መለሱት። አንዴ የተወሰነ ጊዜ የማይነካ ሕግ አይደለም ማለት ነው።

እና የእኛስ? ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን የምንገኝ፣ ያን ያህል ባንክና ጨረታ የሌለን ነን። የስንዴና የቡና ዋጋ እንደሆነ በስልክ ይደርሳል፤ እሱን በወረቀት ማሯሯጥ ድካም ነው።

እዚህ ላይ የሀደሮውን ዝንጅብል ላንሣ። አባቴ በዝንጅብል ነው ያስተማረኝ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ አጠውላጊው የባክቴሪያ በሽታ ሲገባ የእኛን ማሳ ጨምሮ የአካባቢውን ዝንጅብል ፈጀው። ያኔ መጽሔት ቢኖር ኖሮ በየወሩ መውጣቱ ያድነን ነበር? ብዙ አሰብኩበት። በሽታው በተበከለ ዘር፣ በአፈርና በውኃ ነው የሚተላለፈው። ተክሉ ክረምት ላይ ጠውልጎ ከታየ በኋላ የሚመጣ ወርኃዊ እትም ለቅሶ ከመድረስ አይዘልም። አባቴን የሚጠቅመው ዘር ከመግዛቱ በፊት፣ በየካቲት መጨረሻ የሚደርስ አንድ ገጽ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «በስንት ጊዜው?» ሳይሆን «አንባቢው የሚወስነው መቼ ነው?» መሆን አለበት ባይ ነኝ። የእኛ አገር ሰው የሚወስንባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው። በየካቲት መጨረሻ የዘር ነገር አለ። በሰኔ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። በነሐሴ መጨረሻ የያሆዴና የመሳላ ዝግጅት ይመጣል፤ የበሬና የቅቤ ዋጋ የሚሰቀልበት፣ ከደቡብ አፍሪካ ልጆች ብር የሚልኩበት ወቅት ነው። በኅዳር ስንዴው ይታጨዳል፤ ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚባለውም ያኔ ነው። አራት ጊዜ ማለት ነው፤ የፓንክረስቶቹም ቁጥር ይኸው ነበር። በመካከል እንደ ዝንጅብሉ ያለ መዓት ከመጣ አንዲት ገጽ በአስቸኳይ ይባዛል።

ይህን ለጓደኞቼ ሳቀርብ አንዱ ነጋዴ «አራቱም በቀናቸው ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነው። አንባቢ የሚቆጥረው የገባነውን ቃል እንጂ የእትሙን ብዛት አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ቃሌን በልቻለሁ። ለዚህ ነው የሁለት እትም ጽሑፍ ተዘጋጅቶ መሳቢያ ውስጥ ሳይቀመጥ የመጀመሪያው ወደ ማተሚያ ቤት አይሂድ የምለው። የምትጽፉ የቀድሞ ተማሪዎችም ሆናችሁ መምህራን፣ እጃችሁ ከምን እንዳለ ንገሩን። የመጀመሪያው ቀጠሯችን የካቲት መጨረሻ ነው፤ ዘር ከመገዛቱ በፊት።