አመንማኝ በሽታ፦ ለዋላው ሕመም የሚገባው ስም

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሞቶ የተገኘ ዋላ ተመርምሮ በሽታው ከተገኘበት ወዲህ «የዞምቢ አጋዘን በሽታ» የሚለው ስም ወደ አማርኛችንም ገብቷል። ሳይንሳዊ ስሙን እንመልስ ያሉት ደግሞ የባሰ ነገር አመጡ፦ «ሥር የሰደደ የብክነት በሽታ»። ንብረት ይባክናል፣ ጊዜም ይባክናል፤ የታመመ ሰውነት ግን ባከነ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? የእንግሊዝኛው ቃል (wasting) ማባከንንም በሕመም ማለቅንም ስለሚገልጽ፣ ተርጓሚው የመጀመሪያውን አንሥቶ አለፈ።

በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ለምርምር በተያዙ ዋላዎች ላይ ነው። አምጪው ባክቴሪያም ቫይረስም ሳይሆን ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተዛባ ፕሮቲን ነው። የተያዘው እንስሳ ከዓመት በላይ ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ኋላ ግን ጎድኑ ይቆጠራል፣ ራሱን ያዘቀዝቃል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሰው ሲቀርበውም አይሸሽም። መድኃኒትም ክትባትም የለውም።

ለዚህ ሁሉ አማርኛ ቃል አላጣም። መነመነ አለ። «በሽታ አመነመነው» ስንል ሕመሙ ቀስ በቀስ ከውስጥ እንደጨረሰው ማንም ይረዳል። «አክሺ በሽታ» የሚሉ አሉ፤ ክሳት ግን ከጾምም ከሐሳብም ይመጣል፣ ሲበሉም ይመለሳል። ሟሸሸም ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ግን ለከሸፈ ነገር ነው የምንጠቀምበት። አደነዘዘ ብለን አደንዛዥ ዕፅ እንዳልን ሁሉ፣ አመነመነ ብለን አመንማኝ በሽታ ብንል ቋንቋው ራሱ ያበጀው መንገድ ነው። «ሥር የሰደደ» የሚለውን መጨመርም አያስፈልግም፤ መመንመን በአንድ ሌሊት አይሆንምና። ደግሞም ሀብት ይመነምናል፣ መንጋም ይመነምናል። በሽታው በጸናበት አካባቢ የዋላው ቁጥር ራሱ ሊመናመን ስለሚችል ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል።

አጋዘን የሚለውም መታረም አለበት። የእኛ አጋዘን፣ የባሌው የደጋ አጋዘን ጭምር፣ ወገኑ ከድኩላ ነው፤ ቀንዱም አንዴ ከበቀለ አይወልቅም። የአሜሪካው እንስሳ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ ዘሩም በኢትዮጵያ ዱር የለም። «የአጋዘን በሽታ» ብሎ መጻፍ ባሌ ላይ ያልደረሰ ወረርሽኝ ማውራት ነው። መዝሙረ ዳዊት በአማርኛው ውሃ የናፈቀውን እንስሳ ዋላ ብሎታል፤ አንባቢ የሚያውቀው ይህ ስም እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ ለምን አስፈለገ? ከዋልያ ጋር ይምታታል የሚል ቢኖር፣ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃዋል።

ዞምቢ የሚለው ስም የሚያስፈራውን ያህል አያስተምርም። እስካሁን ከዋላ ወደ ሰው ለመተላለፉ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሽታውን በኖርድፊየላ የዱር ሬንዲየር መንጋ ውስጥ ስታገኝ ከ2,000 በላይ እንስሳት ገድላ መንጋውን በሙሉ አስወግዳለች። በአሜሪካ ደግሞ በሽታው ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች ተገኝቷል። ፕሪዮኑ በለሃጭና በሽንት ወጥቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ብዙ ቦታ ዋላን አንድ ላይ የሚሰበስብ መኖ መበተን ተከልክሏል፤ አዳኞችም የገደሉትን እንዲያስመረምሩ ይጠየቃሉ። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ይላል።

ይህን ምክር በኮሎራዶና በሚኒሶታ ለሚኖረው ወገናችን የምትተረጉሙ ሁሉ፣ «የዋላ አመንማኝ በሽታ» ብላችሁ ጻፉት። ከአዳኝ ጎረቤት የዋላ ሥጋ የሚደርሳችሁም፣ ከማብሰላችሁ በፊት ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ።